የኅሊና ጸሎት ለመነኩሴ ብቻ ነው?

በዝምታ ተቀምጦ፣ ልብን በአንድ የመዝሙር ቃል ወይም በኢየሱስ ስም ላይ አሳርፎ መጸለይ የመላው ምእመን ድርሻ ነው ወይስ የገዳም ሰዎች? በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አጥቢያዎች ለዚህ ብለው የሚሰበሰቡበት ሰዓት አላቸው፤ አገልጋዮቻቸውንም ለቀናት ዝምታ ወደ ገዳም የሚልኩ አሉ። ደጋፊዎቹ «የበረሃ አባቶች ሀብት ነው» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የሂንዱና የቡድሃ ልማድ የክርስትና ስም ለብሶ ገባ ብለው ይሰጋሉ። ልምምዱን ሳይነቅፉ «ልጅ ለሚያሳድግ፣ ከወር ወር ለሚሮጥ ሰው ምኑ ይሆናል?» የሚሉም አሉ። ሦስቱም ከእኛ ዘመን በፊት የተባሉ ናቸው። ብዙ ያከራከረውና ዛሬም መልስ የሚሻው ግን የመጨረሻው ይመስለኛል።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዮሐንስ ካስያን የተባለ ወጣት መነኩሴ ከጓደኛው ከጌርማኖስ ጋር ወደ ግብፅ ወርዶ የአስቄጥስን አባቶች እየዞረ ጠየቀ። አባ ይስሐቅ ስለማያቋርጥ ጸሎት የመለሰላቸው አጭር ነገር ነበር፦ እግዚአብሔር ለረድኤት እንዲፈጥን የሚለምነውን የመዝሙር 69ን መጀመሪያ ያዙ፤ ስትሠሩም ስትበሉም ስትተኙም ከልባችሁ አታውጡት። ካስያን ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ጽፏል። በ399 እ.ኤ.አ. የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ እግዚአብሔር የሰው መልክ እንደሌለው የሚያስረዳ መልእክት ለገዳማቱ ላከ። ሰራፕዮን የሚባል አረጋዊ መነኩሴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መልክ በልቡ ሥሎ ሲጸልይ የኖረ ነውና፣ ነገሩ ተብራርቶለት ካመነ በኋላ ለጸሎት ሲቆም የሚይዘው አጣ። አምላኩን የተነጠቀ ያህል መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። የይስሐቅ ምክር ከዚህ አጠገብ ሲነበብ ትርጉሙ ይጎላል። ምስሉን የጣለው ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀር አንድ ጥቅስ አስይዞታል።

ክርክሩ የአደባባይ ጉዳይ የሆነው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። በአቶስ ተራራ ያሉ መነኮሳት ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው አዘንብለው፣ የኢየሱስን ስም ከትንፋሻቸው ጋር እያስማሙ ይጸልዩ ነበር። ከደቡብ ጣልያን የመጣው ምሁር ባርላም ነፍሳቸውን እምብርታቸው ላይ የሚፈልጉ ናቸው ብሎ አላገጠባቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጎርጎርዮስ ፓላማስ ተከራከረላቸው፤ የቁስጥንጥንያ ጉባኤዎች በ1341ና በ1351 ለፓላማስ ወገን ፈረዱ። 

ለእኛ ጥያቄ ግን የበለጠ የሚጠቅመው በፓላማስ ገድል ውስጥ ያለ ሌላ ክርክር ነው። ፓላማስ የማያቋርጥ ጸሎት የሁሉም ክርስቲያን፣ የወንዱም የሴቱም የሕፃኑም ግዴታ ነው ሲል ኢዮብ የተባለ አረጋዊ መነኩሴ «የመነኮሳት ብቻ ነው» ብሎ ሞገተው። ገድሉ እንደሚለው ኢዮብ ሐሳቡን የለወጠው መልአክ ተገልጦለት ነው። ለመነኩሴ ሥራውን ከምእመን ጋር መካፈል ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩን ወደ ሠራተኛው ቤት ካወረዱት አንዱ ማርቲን ሉተር ነው። በ1535 ጴጥሮስ ለሚባል የዊተንበርግ ፀጉር አስተካካይ የጸሎት መመሪያ ጻፈለት። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን ያዝ፣ ከእርሱም ትምህርት፣ ምስጋና፣ ኑዛዜና ልመና አውጣ፤ በመካከሉ መንፈስ ቅዱስ መናገር ከጀመረ የያዝኸውን ትተህ በዝምታ ስማ ይለዋል። ጴጥሮስ በዚያው ዓመት በፋሲካ ሰሞን አማቹን በስለት ወግቶ ገደለ፤ ሉተር አማልዶለት ከሞት ቅጣት ተርፎ ተሰደደ። ጥሩ መመሪያ በእጁ ነበረ።

በ1970ዎቹ ደግሞ በማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም ያሉ መነኮሳት ወጣቶች ወደ ዜንና ወደ ትራንሴንደንታል ሜዲቴሽን ሲሄዱ አይተው «ሴንተሪንግ ፕሬየር» የተባለውን አዘጋጁ። መነሻቸው አንድ ስሙ ያልታወቀ እንግሊዛዊ በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው «የአለማወቅ ደመና» ነው። ሰው አንድ አጭር ቃል ይመርጣል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል፣ ሐሳቡ በተበተነ ቁጥር ወደዚያች ቃል ይመለሳል። በጥቅምት 1989 ቫቲካን በካርዲናል ራትዚንገር ፊርማ ባወጣው ደብዳቤ፣ ከሌሎች ሃይማኖቶች የመጣ ዘዴ ከውጭ ስለመጣ ብቻ አይጣል ካለ በኋላ የሰውነት መረጋጋትን የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መውሰድ አደገኛ መሆኑን አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው እላለሁ። ሃያ ደቂቃ በጸጥታ የተቀመጠ ማንም ሰው፣ የማያምን ቢሆን እንኳ፣ ረጋ ብሎ ይነሣል።

በኢትዮጵያ ትምህርቱ እንግዳ አይደለም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ከነአንድምታቸው ይተረጎማሉ። ሊቃውንቱ ከሚያስተምሯቸው ዐሥር የቅድስና ማዕረጋት የመጀመሪያው ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ ነው። ነገር ግን የመጻሕፍቱ ስም ራሱ ምእመኑን «ያንተ አይደለም» ይለዋል፤ የኢዮብ ክርክር በእኛ ዘንድ ገና አላለቀም። ወንጌላውያኑ ዘንድ «የጽሞና ጊዜ» የማይል አማኝ የለም፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ምዕራፍ አንብቦ የጸሎት ርእስ መዘርዘር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሪዎችስ? ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በአምስት ወሩ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ገባ። ፓላማስ ግን የተሰሎንቄ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ልማዱን ከሥራው ጋር ይዞ ኖረ። የክሌርቮው በርናርዶስ የቀድሞ ደቀ መዝሙሩ የነበረውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውግንዮስ ሦስተኛን በጻፈለት መጽሐፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ክስ ሲሰማ መዋሉ ልቡን እንደሚያደነድነው ነግሮታል። ያ ከ850 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም የአጥቢያ አስተዳዳሪ ወይም መጋቢ ቀኑን የሚጨርሰው በሕንፃ ኮሚቴ፣ በሽምግልናና በስልክ ነው።

ስለዚህ መጀመር የሚፈልግ ምእመን አንድ የዳዊት ጥቅስ ይያዝ፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለመጋቢው ይንገር፤ አባቶች ይህን መንገድ ያለ መካሪ ሂዱበት አላሉም። የሰበካ ጉባኤና የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላትም ለአገልጋያችሁ የሥራ መርሐ ግብር ስታወጡ ማንም የማይደውልበትን የጸሎት ሰዓት አብራችሁ ጻፉለት።