ካዛንቺስ ማለት የሠራተኛ ቤት ማለት ነበር

«ካዛንቺስ» የሚለውን ስም በየቀኑ ስትጠሩ ትርጉሙን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርሮ በያዘበት ጊዜ፥ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚያሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነበረው። «ካዛ» ቤት ማለት ስለ ሆነ፥ ካዛንቺስ በግልጡ ሲፈታ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ማለት ነው።

ወራሪው ሲባረር ስሙ እዚያው ቀረ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን በአዲስ አበባ ካደረገ፥ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ አካባቢው የቢሮና የሆቴል ሠፈር እየሆነ ሄደ። ከትልቁ መንገድ ጀርባ ግን ቆርቆሮ የለበሱ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው ጸሐፊውንና ሾፌሩን፥ ጠላ ሻጭዋንና ተማሪውን ባንድ ግቢ ያኖሩ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑትም ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ሳይጨመር ስለ ቆየ፥ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ በከተማው እምብርት የሚኖር ቤተ ሰብ ብዙ ነበር። ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ድኻው ከሥራው አጠገብ ለመኖር ቻለ፤ ዳሩ ግን ከእንዲህ ያለ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ስለማይገኝ፥ ጣራው እየዛገ፥ ግድግዳው እየዘመመ፥ አንዱን መጸዳጃ ቤት ብዙ ቤተ ሰብ እየተጋራ ኖረ። ስለዚህ የድሮው ሠፈር ገነት ነበር የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት፥ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ፈረሱ። ብዙ ነዋሪዎችም ገላን ጉራን ወደመሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው እንደሚጸዳ መካድ አይገባም። ነገር ግን ሰው የሚኖረው በግድግዳ መካከል ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤት በር ላይ ቡና አፍልታ ልጆችዋን የምታሳድግ እናት፥ ደንበኞችዋን ጭና መሄድ አትችልም። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በመኪና ይጫናል፤ የእድርተኛው መተዋወቅ ግን አይጫንም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ቤታቸው ከራቀባቸው ወዲህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያመልጣቸው ልጆች አሉ። አንዱን ለምን ዘገየህ ብዬ ብቆጣው፥ «ቲቸር፥ ሦስት ታክሲ ነው የምይዘው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተቆጣሁትም።

ይህ ጉዳይ የተነሺዎች ብቻ አይምሰላችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በመጀመሪያ ደመወዛችሁ ቤት የምትፈልጉ ሁሉ ጉዳዩ የእናንተም ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ባሻው ጊዜ ኪራይ እንዳይጨምር፥ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ስለዚህ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ አስመዝግቡትም። ሆኖም አዋጁ ያለውን ቤት ይጠብቅልናል እንጂ የሌለውን አይሠራልንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከተማ ሲታደስ ረዣዥም ሕንጻዎች ይቁሙ፤ መንገዱም ይስፋ። ነገር ግን በከተማው እምብርት፥ ከሚሠሩት ክፍሎች ጥቂቶቹ በደመወዛችን ልክ ለሚከራዩ ለጸሐፊው፥ ለነርሷና ለጀማሪው መምህር ይታሰቡ። ቢሮውን ጠዋት የሚከፍተው ሰው ከቢሮው ሁለት ሰዓት ርቆ ቢያድር፥ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የባለ ጉዳዩም ነው።

ባዕድ ወራሪ እንኳ ለራሱ ሠራተኛ ቤት ማሰቡን በስሙ ትቶልን ሄዷል። እኛ ለራሳችን ሠራተኛ ካላሰብን፥ ካዛንቺስ የሚለው ስም ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።