«ኮሌስትሮል የለውም»፦ ስለ ዘይት፣ ስለ ጾም ምግብና ስለ ውፍረት ተረትና እውነታ

ዘይት ከምንም ይጨመቅ ከምን፣ መቶ በመቶ ሊባል በሚችል ደረጃ ቅባት ነው። አንድ ግራም ቅባት ለሰውነት 9 ኪሎካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ወደ 120 ኪሎካሎሪ ይይዛል። ይህ ስሌት ለኑግም፣ ለሱፍ አበባም፣ ለወይራም፣ ለፓልምም ያው ነው፤ የተነጠረ ቅቤም ከዚህ ብዙም አይርቅም። በአዲስ አበባ ግን ሌላ ስሌት ሥር ሰዷል። ጠርሙሱ ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚል ካለ ዘይቱ አያወፍርም፤ የጾም ምግብም ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት የፈለጉትን ያህል ቢበሉት ክብደት አይጨምርም ይባላል።

ይህ እምነት ጉዳት የሚያደርሰው ለጤናቸው መጠንቀቅ በጀመሩ ሰዎች ላይ ነው። ልደታ አካባቢ፣ ከጌጃ ሰፈር እስከ አብነት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶች ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ክብደት ይቀንሱ፣ ቅባት ያሳንሱ» ይባላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን አጭር ነው። ቤት ሲደርስ ቅቤና ጮማ ተዉ ማለት ሆኖ ይተረጎማል። ቅቤው ይቀራል፣ ሥጋው ይቀራል፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ሱቅ ደግሞ ውድ የሆነው ፈሳሽ ዘይት ይገዛል። ዘይቱ «ጤናማ» ስለሆነም ድስት ውስጥ ሲንቆረቆር እጅ አይሰስትም። ከወራት በኋላ ሚዛኑ ያው ነው፣ አንዳንዴም ጨምሯል። ከዚያ «የእኔ ውፍረት የተፈጥሮ ነው» የሚል ተስፋ መቁረጥ ይመጣል፤ ወይም ወደ ማክሻ ሻይ ሻጮች መሄድ ይጀመራል። እነዚህ ሰዎች የተባሉትን ሁሉ አድርገዋል። ያልተነገራቸው ዋናው ነገር ነው።

ጉዳዩ ከተማን ይበልጥ የሚነካ መሆኑን በ2008 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ 8 በመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ። በዚያው ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በታች ከስተው ተገኝተዋል። ስለዚህ «ቅባት ቀንሱ» ለሁሉም የሚነገር አዋጅ አይደለም። ለከሳ ሕፃን ገንፎ ላይ የሚጨመር አንድ ማንኪያ ዘይት ጥቅም ነው።

እምነቱ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ኮሌስትሮልን የሚሠሩት እንስሳት ናቸው፤ በእፅዋት ውስጥ የሚገኘው ከቁጥር የማይገባ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቃል እንግዲህ ውሸት አይደለም። በስኳር ከረጢት ላይ ቢጻፍም ውሸት አይሆንም። የሚያስቆጣውም እዚህ ላይ ነው፦ ማንኛውም የእፅዋት ዘይት ያለውን ባሕርይ አንድ ነጋዴ የራሱ ዘይት ልዩ ጸጋ አድርጎ ያትመዋል፤ ገዢው ደግሞ «አያወፍርም» ብሎ ያነበዋል።

ለልብ ጤና እንኳ የጠርሙሱ ጽሑፍ በቂ መረጃ አይሰጥም። በደም ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የሰው ጉበት ራሱ ነው። በብዙ ሰዎች ዘንድ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው በምግብ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ይልቅ ሳቹሬትድ የሚባለው የቅባት ዓይነት ነው። ፓልም ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፤ ነገር ግን ግማሹ ያህል ሳቹሬትድ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ የሚረጋውም ለዚህ ነው። የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ይህ ቅባት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ኑግም ከፓልም በብዙ ያነሰ አለው። የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ቅባት ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። እንግዲህ ከሚረጋው ዘይት ወደ ኑግ ወይም ወደ ሱፍ አበባ መዞር ለልብ የሚበጅ ውሳኔ ነው። ለወገብ ግን ማንኪያው ማንኪያ ነው፣ 120ው 120 ነው። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ በድጎማ ዋጋ ይገኝ የነበረው የሚረጋው ዘይት ለዓመታት የብዙ ቤተሰብ ብቸኛ አማራጭ ስለነበረም «ለምን ይህን ትበላላችሁ» ብሎ በተጠቃሚው ላይ ማፌዝ ነውር ነው። መጠኑን መቀነስ ግን ወጪ አያስወጣም፤ እንዲያውም ያተርፋል።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ግማሽ እውነት አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀናት ይጾማሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚውል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ቅቤ የተወ ሰው ሌላው ነገር ካልተለወጠ ሊከሳ ይችላል። ችግሩ ሌላው ነገር መለወጡ ነው። ሽሮ ዱቄቱ ብዙ ቅባት የለውም፤ ሲሠራ ግን ዘይት እስኪያንሳፍፍ ይጨመርበታል። ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ድንቹም እንደዚያው። በየመንገዱ የሚሸጡት ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ ሁሉም ለጾም የሚበሉ ናቸው፤ ሁሉም ዘይት ውስጥ ተነክረው የወጡ ናቸው። በአንድ ትሪ በየዓይነቱ ላይ ያለው ዘይት ተለክቶ ቢቀርብ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ጾም የተሠራው ለነፍስ እንጂ ለሚዛን አይደለም። ከሚዛን ጋር ያገናኙት ሰዎች ናቸውና የሚዛኑንም ሕግ ማወቅ ይገባቸዋል።

ዘይት የሌለበት ምግብ ድግስ ላይ የማይቀርብ የሚመስለው ካለ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረውን የልደታ በዓል ያስብ። በዚያ ቀን ከደጅ የሚቀርበው ንፍሮ የተቀቀለ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ነው። ያጠግባል፣ ፕሮቲንና አሠር አለው፣ አንድ ጠብታ ዘይት ግን አልገባበትም። ይህን የመሰለ ምግብ በዓመት በጥቂት ቀናት ብቻ ለምን እንደሚታወስ መልስ ያለው ሰው የለም።

አንድ ቤት ምን ያህል ዘይት እንደሚበላ ለማወቅ ሚዛን መግዛት አያስፈልግም፤ ጀሪካኑ የተከፈተበትንና ያለቀበትን ቀን መጻፍ ይበቃል። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 4.6 ኪሎ ገደማ ዘይት ይይዛል። አራት ሰው 30 ቀን ከተጠቀመበት በነፍስ ወከፍ በቀን 38 ግራም፣ ማለትም ወደ 345 ኪሎካሎሪ ይደርሳል። በ15 ቀን ካለቀ 77 ግራም፣ 690 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላው ቅባት ከቀኑ ኃይል ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 67 ግራም ነው። እሱም ሥጋው፣ ወተቱ፣ ለውዙና ከቤት ውጭ የሚበላው ሁሉ ተቆጥሮ። ስለዚህ ጀሪካኑ በሁለት ሳምንት የሚያልቅበት ባለ አራት ሰው ቤተሰብ ከዘይቱ ብቻ ወሰኑን አልፏል። ሕፃናት አነስ ያለ ስለሚበሉ የአዋቂዎቹ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል።

መቀነሻው ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ባለሙያ እናቶች ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ብቻ፣ እስኪሟሽሽ ያቁላሉት ነበር፤ ዘይቱ ወይም ቅቤው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ጊዜ ለማትረፍ ሽንኩርቱ ገና ከጅምሩ ዘይት ውስጥ ይጣላል፣ እንዳያርም ደግሞ ዘይት ይደረብበታል። «ዘይት ካልበዛ ወጥ አይጥምም» የሚባለው በአብዛኛው ሽንኩርቱ ሳይበስል ሲቀር ነው። ዘይትን ከጀሪካን በቀጥታ ከማንቆርቆር በማንኪያ መለካት፣ ድንችን ከመጥበስ መቀቀል፣ ቅቤ የሚወድም ሰው ወጡ ሊወርድ ሲል ለሽታው አንዲት የሻይ ማንኪያ ጠብ ማድረግ፣ ጣዕም ሳይጎዱ ብዙ ኪሎካሎሪ ያስቀራሉ። እንግዳ ሲመጣ ወጡ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ንቀት የሚመስለው ባህል ግን ከሁሉ የከበደው ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ ቅባትን ጨርሶ መተው። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው የቅባት ዓይነቶች አሉ። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችም ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም፤ ጎመንና ካሮት ጥቂት ዘይት ሲነካቸው ይበልጥ ይጠቅማሉ። አሜሪካውያን ቅባትን እንደ ጠላት በቆጠሩበት ዘመን ፋብሪካዎች ቅባቱን ከብስኩቱ አውጥተው ስኳር ተኩበት፤ ሕዝቡም አልከሳም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ቅባት፣ ሌላውን ካርቦሃይድሬት ለአንድ ዓመት አስቀነሰ። የመጀመሪያው ወገን በአማካይ 5.3፣ ሁለተኛው 6 ኪሎ ቀነሰ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። በየወገኑ ውስጥ ግን እጅግ የቀነሱም ክብደት የጨመሩም ነበሩ። ለማን የትኛው እንደሚሻል አስቀድሞ ለመለየት ተመራማሪዎቹ ዘረመልንና ኢንሱሊንን ቢመረምሩም አልሆነላቸውም። ይህ ጥያቄ እስካሁን ክፍት ነው፤ «ለሁሉም የሚሠራ አንድ ዘዴ አለኝ» የሚል ሰው ከሳይንሱ ቀድሞ ሄዷል።

የቀሩት ተረቶች ረጅም ሐተታ አይሹም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚ በሙቅ ውኃ ስብ አያቀልጥም፤ ሎሚ የሚነካው ጨጓራን እንጂ የወገብን ስብ አይደለም። ሆድ ላይ ፕላስቲክ ጠምጥሞ መሮጥ የሚያወጣው ላብ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ይመለሳል። ጮማ በአረቄ ወይም በውስኪ «ይፈጫል» የሚለው የሥጋ ቤት ጥበብ እውነታውን ገልብጦታል፦ አልኮል ራሱ በግራም 7 ኪሎካሎሪ አለው፣ ሰውነትም አልኮሉን አስቀድሞ ስለሚያቃጥል ጮማው ለማከማቻ ይተርፋል። አቮካዶና ለውዝ ጥሩ ቅባት አላቸው፤ ሆኖም 100 ግራም ለውዝ 570 ኪሎካሎሪ ገደማ ስለሆነ እፍኝ ይበቃል፣ ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ጭማቂም እንደ ምግብ እንጂ እንደ መጠጥ አይቆጠርም። እንጀራ ላይ የሚቀርበው ክስ ደግሞ በአብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፣ ዘይትም የለውም። ጥፋቱ ያለው በብዛቱና አብሮት በሚበላው ወጥ ላይ ነው።

በቲክቶክና በቴሌግራም «በሳምንት አሥር ኪሎ» እያሉ ሻይ ለሚሸጡት ትዕግሥት ማሳየት ይከብዳል። እንዲህ ባሉ ሻዮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰና ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚቀንሰው ውኃና ዓይነ ምድር ነው፣ ሲደጋገምም የሰውነትን ጨው ያዛባል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ምግባቸውን በድንገት ከመቀነሳቸው ወይም ጾም ከመግባታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ከቀነሰ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ራስን ሊያስት ይችላል።