አዲስ ክለብ ልጆቹን ከየት ያመጣል?

የልጅ ልጆቻቸው አሜሪካ የሚያድጉ አያቶች ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ወደዱም ጠሉም ተዋውቀውታል። አሁን ደግሞ የሜጀር ሊጉን 30 ክለቦች 32 የማድረግ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። አዲስ ክለብ ሲመጣ አዲስ የወጣቶች ፍለጋ አብሮ ይመጣልና ነገሩ የወላጅም ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

እኛ በለመድነው እግር ኳስ አዲስ ክለብ ከታች ጀምሮ እያሸነፈ ይወጣል። የአሜሪካ ቤዝቦል እንዲህ አይደለም። ባለሀብቱ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይከፍላል፣ ነባሮቹ ይፈቅዱለታል፣ ክለቡም በቀጥታ ከላይኛው ሊግ ይገባል። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነባር ክለብ ሁሉ ከሥሩ "ማይነር ሊግ" የሚባሉ ማሳደጊያ ቡድኖች አሉት። ዛሬ ለእያንዳንዱ አራት አራት፣ በድምሩ 120 ናቸው፤ ጀማሪዎቹ የሚለማመዱባቸው ሳይቆጠሩ። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ እነዚህን ደረጃዎች አንድ በአንድ ይወጣል፤ ሦስት አራት ዓመትም ይፈጅበታል። አዲሱ ክለብ ግን ባዶ ቤት ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዴንቨርን እንይ። የከተማዋ ክለብ ኮሎራዶ ሮኪስና የማያሚው ፍሎሪዳ ማርሊንስ በሊጉ መጫወት የጀመሩት በ1993 ነው። ልጅ መመልመል የጀመሩት ግን ከዚያ በፊት፣ በጁን 1992፣ ክለቦች ከሁለተኛ ደረጃና ከኮሌጅ በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት ነበር። በዚያው በጋ የሮኪስ ልጆች ኦሪጎን ውስጥ ቤንድ በምትባል ከተማ፣ የማርሊንስ ደግሞ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኢሪ ላይ ይጫወቱ ነበር። ቤት ሳይሠሩ ልጅ መውለድ ማለት ይኼ ነው።

በኖቬምበር ነባሮቹ ከተጫዋቾቻቸው እንዲያካፍሏቸው ተደረገ። እያንዳንዱ ነባር ክለብ በመጀመሪያው ዙር 15 ተጫዋቾቹን "አይነኩብኝም" ብሎ አስቀመጠ፤ አዲሶቹ ከቀሩት መርጠው እያንዳንዳቸው 36 ወሰዱ። የሚወደውን አሳልፎ የሚሰጥ የለምና የደረሳቸው በአብዛኛው ወይ ገና ያልበሰለ ወይ ባለቤቱ የሰለቸው ነበር።

ከታች የተዘራው ግን አፈራ። ማርሊንስ በ1992 ድራፍት መጀመሪያ የመረጡት ቻርልስ ጆንሰን፣ በዚያው ዓመት ከኮሎምቢያ ያስፈረሙትም ኤድጋር ሬንቴሪያ የሚባል ጎረምሳ ነበር። በ1997 ክለቡ ዋንጫውን ሲያነሳ ኳስ ያዡ ጆንሰን፣ የመጨረሻዋን ወሳኝ ኳስ የመታውም ሬንቴሪያ ነበሩ። በእርግጥ በዚያ ዓመት ባለቤቱ ስመ ጥር ተጫዋቾችን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አፍስሷል።

ሁሉም ልጅ እንዲህ አይቀናውም። በ1998 መጫወት የጀመረው ታምፓ ቤይ ገና በ1996 ማት ዋይት ለሚባል የ18 ዓመት ኳስ ወርዋሪ 10.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ልጁ በጉዳት እየተሰናከለ በሜጀር ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ቀረ። ክለቡም ከመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በዘጠኙ ከምድቡ መጨረሻ ነበር፤ ለፍጻሜ የደረሰው ያሳደጋቸው ልጆች ሲጎለምሱ፣ በ2008 ነው።

ነርስ ሆኜ ስለኖርኩ ይህን ሁሉ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ክርን ነው። በውስጥ በኩል ያለችው ጅማት በውርወራ ብዛት ትላላለች፣ ትበጠሳለችም። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ቶሚ ጆን በተባለ ተጫዋች ላይ የጀመሩት ቀዶ ሕክምና ብዙዎችን ወደ ሜዳ መልሷል፤ ማገገሚያው ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ሊጉ ራሱ የሚመክረው የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75፣ የ17 እና የ18 ዓመት ደግሞ ከ105 ውርወራ እንዳያልፍ ነው። ልጁ ክርኔን አመመኝ ካለ ማስታገሻ ሰጥታችሁ ወደ ሜዳ አትመልሱት። ያርፍ፤ ሐኪምም ይየው።

ኑሮውንም ጠይቁ። የማይነር ሊግ ልጆች ለረጅም ጊዜ የቤት ኪራይ ከኪሳቸው እየከፈሉ በጣም በትንሽ ደመወዝ ኖረዋል። ክለቦች መኖሪያ እንዲያቀርቡ የተደረገው በ2022 ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ከእጥፍ በላይ ያደገው ደግሞ በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት ነው። መልማይ በራችሁን ካንኳኳ፣ የኮሌጅ ወጪ በውሉ ውስጥ እንዲገባ መደራደር ይቻላል፤ ይህን ከፊርማው በፊት አንሱት።