ሰኞ ይጀምር ከማለታችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ለሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች የቅጥር ጉዳይ አማክራለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ የሒሳብ ቢሮ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ወይም የሶፍትዌር ድርጅት ያላቸው። የትምህርት ዓመቱ ማብቂያ ሲቃረብ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል፤ «ከኢትዮጵያ ለትምህርት የመጣ ጎበዝ ልጅ አግኝቻለሁ። ኢንተርን ባደርገው ያስጠይቀኛል?»

ሥርዓቱን ከተከተሉ አያስጠይቅም። በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር፣ በአብዛኛው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የጨረሰ ተማሪ ከሚማረው ሙያ ጋር የተያያዘ ልምምድ እንዲሠራ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሲፒቲ የሚባለውን ይህን ፈቃድ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። አሠሪው ለኢሚግሬሽን የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ስፖንሰር መሆን ወይም ሎተሪ መጠበቅም አይጠበቅበትም። የሥራውን ዓይነት፣ አድራሻውን፣ የሳምንቱን ሰዓትና የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋል። የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጉዳዩን መርምሮ ሲስማማ አይ-20 የተባለውን የተማሪነት ሰነድ አዲስ ያትማል፤ ሁለተኛው ገጹ ላይ የድርጅቱ ስምና ቀኖቹ ይሰፍራሉ። ሥራው የግድ ከትምህርቱ ጋር መገናኘት አለበት። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የእንክብካቤ ድርጅቱን የመረጃ ቋት ቢያደራጅ ያስኬዳል፤ አረጋውያንን እንዲያስታምም መመደብ ግን አይቻልም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ቀኑ ነው። አይ-20ው ጁን 10 ይላል፤ አሠሪው ጁን 3 ላይ ሰው ጎድሎበታል። «እስከዚያው መጥቶ ይልመድ» ይላል፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን ልጁን ስለሚወደው። ልጁም «እሺ ጋሼ» ይላል። በእናቱ በኩል የሚያውቁትን፣ ምናልባትም የመጀመሪያውን ወር ያስጠለሉትን ትልቅ ሰው «አይቻልም» ብሎ መመለስ ከባድ ነው። ያቺ ሳምንት ግን ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ናት። ትምህርት በማቋረጥ ወይም በመሰል ምክንያት ሕጋዊ ደረጃውን ያጣ ተማሪ እንዲመለስለት ማመልከት ይችል ይሆናል፤ ያለ ፈቃድ የሠራ ግን ይህ በር ተዘግቶበታል። አሠሪው ቢቀጣ በገንዘብ ነው። ልጁ የሚያጣው ትምህርቱን ነው። ስለዚህ የይሉኝታውን ሸክም ለተማሪው አንተውለት እላለሁ፤ «ወረቀትህ እስኪወጣ እንዳትመጣ» ማለት ያለበት ትልቁ ሰው ነው።

«ደመወዝ ካልከፈልኩትስ? በበጎ ፈቃድ ይሥራ፤ የምሳና የትራንስፖርት እሰጠዋለሁ» የሚሉኝም አሉ። ይህ ጉዳዩን ያብሰዋል። ለትርፍ በተቋቋመ ድርጅት ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚባል ሠራተኛ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ «ብላክ ስዋን» የተሰኘው ፊልም ሲሠራ ያለ ክፍያ ያገለገሉ ተለማማጆች ያነሱትን ክርክር ሲመለከት፣ ከልምምዱ ይበልጥ የሚጠቀመው ማነው የሚለውን መለኪያ አስቀመጠ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ተቀበለ። ልጁ ደንበኛ የሚቀበል፣ ደረሰኝ የሚመዘግብ፣ የቀረ ሠራተኛ የሚተካ ከሆነ ተጠቃሚው ድርጅቱ ነውና ደመወዝ ይከፈለው። ሲፒቲው ደግሞ ቢከፈልም ባይከፈልም ያስፈልጋል።

በቃለ መጠይቅም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ መካከል «ወረቀትህ ምንድን ነው?» ማለት ሰላምታ የመስጠት ያህል ቀላል ነው፤ ለቅጥር በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ግን የትውልድ አገርን አይቶ ከማዳላት ጋር ሊቆጠር ይችላል። ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለው፣ አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰር ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል፤ ሁሉንም አመልካች እኩል እስከጠየቁ ድረስ። ከተቀጠረ በኋላ የመሥራት ፈቃድ የሚረጋገጥበት አይ-9 ቅጽ ሥራ በጀመረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ፓስፖርቱ፣ አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገቡና የታደሰው አይ-20 አንድ ላይ ይበቃሉ። ግሪን ካርድ ካላመጣህ ማለት ክልክል ነው።

ከተመረቀ በኋላ ሊያቆዩት ከፈለጉ መንገዱ ኦፒቲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ ነው፤ 12 ወር፣ ለሳይንስ፣ ለቴክኖሎጂ፣ ለምህንድስናና ለሒሳብ ምሩቃን ተጨማሪ 24 ወር። ለጭማሪው ግን ድርጅቱ የሠራተኛን የመሥራት ፈቃድ በኢንተርኔት በሚያረጋግጠው የመንግሥት ሥርዓት፣ በኢ-ቬሪፋይ መመዝገብ አለበት። ተማሪው በሙሉ ጊዜ ሲፒቲ 12 ወር ከሠራ በዚያው የትምህርት ደረጃ ኦፒቲ አያገኝም፤ ስለዚህ ልምምዱን ለማራዘም ከመስማማታችሁ በፊት ስንት ወር እንደተጠቀመ ይቆጠር።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ግብሩ ነው። በአሜሪካ ከ5 የካሌንደር ዓመት በላይ ያልቆየ የኤፍ-1 ተማሪ በአጠቃላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር አይቆረጥበትም፤ አሠሪውም የራሱን ድርሻ አይከፍልም። የደመወዝ ሶፍትዌሩ ካልነገሩት ግን ዝም ብሎ 7.65 በመቶ ይቆርጣል። በሰዓት 20 ዶላር እያገኘ በሳምንት 40 ሰዓት ከሚሠራ ልጅ በየሳምንቱ 61 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሄዳል፤ ከድርጅቱም ያንኑ ያህል። ይህ ገንዘብ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚጠየቀው አሠሪው ነው፤ እምቢ ካለ ተማሪው ቅጽ 843 ሞልቶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያመለክታል። የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት አብራችሁት ተመልከቱ፤ ስህተቱ በዚያን ቀን ከታየ በሚቀጥለው ክፍያ ይታረማል።