የነሐሴ መብራት

ክረምት ሲገባ በደቡብ ጎንደር፣ በስማዳና በጋይንት ሁለት ነገሮች አብረው ይሳሳሉ፤ የጎተራው እህልና ፀሐይ። ወንዙ የሚሞላው፣ ተዳፋቱ የሚናደው፣ መንገዱ በጭቃ የሚዘጋውም ያኔ ነው። እናም ለዚህ አገር የሚታደል የሶላር መብራት መፈተን ያለበት በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ነው።

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና አለ፤ ወዲህ ደግሞ ምድሩ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። እንዲህ በገደል በተቆራረጠ አገር ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መሳብ ውድ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራምም ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መስመር ውጪ በሆነ ኃይል፣ በአብዛኛውም በፀሐይ፣ ለማዳረስ ነበር ያቀደው። ሌሊቱ ግን ዕቅድ አይጠብቅም። አዝመራን ከከርከሮ የሚጠብቅ አለ፣ ለማኅሌት የሚነሣ አለ፣ ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጥ አለ። ኩራዝ ነፋስ ያጠፋዋል፤ የእጅ ባትሪም ድንጋዩ ሲያልቅ ገንዘብ ይጠይቃል።

ሠዓሊና ቀራፂው ኦላፈር ኤሊያሰን ከመሐንዲሱ ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር ሆኖ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ለንደን ላይ ይፋ ያደረጋት ሊትል ሰን የተባለች ቢጫ የኪስ መብራት መልኳን የወሰደችው ከእኛው አደይ አበባ ነው። ሐሳቡ ያምራል። ነገር ግን አደይ የምትፈነዳው ደመናው ሲገለጥ ነው፤ መብራቱ አጥብቆ የሚፈለገው ደግሞ ከዚያ በፊት።

ሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ውስጥ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ወራቱ የዝናብ ነበር፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ። የጋይንትና የጎረቤቱ የእስቴ ተዳፋትም የክረምት ዝናብ ይጠጣል፤ ናዳ ቢመጣ መብራቱ የሚፈለገው በዚያው በደመናው ወራት ነው።

ታዲያ በደመና ምን ይደረጋል? ደመና የሚያሳልፈው ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ሳይሆን ከመላው ሰማይ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መብራቱን ከጣሪያ ክፈፍና ከዛፍ ጥላ ማራቅ ያስፈልጋል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና የመብራቱ የሶላር ሰሌዳም ወደዚያው ይዘንበል። በሰኔ ግን ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ በነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ እንደገና አናት ላይ ትመጣለች፤ በክረምት እንግዲህ አጋድሞ ማስጣት ይሻላል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱን ማባከን አይገባም። ማታ ደግሞ ደብዘዝ ያለውን የብርሃን መጠን መምረጥ ነው፤ መንገድ ለማየት እሱ ይበቃል።

የሚያድሉትም ሥራ አለባቸው። ሳይሞላ ለወራት መጋዘን የተቀመጠ መብራት ባትሪው ይሞታል፤ በናዳ ለተፈናቀለ ሰው ሲደርስ ጌጥ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ባንክና በአጋሩ በአይኤፍሲ የተጀመረው ላይቲንግ አፍሪካ የሚባለው ፕሮግራም ለእነዚህ መብራቶች የጥራት መለኪያ አምጥቷል፤ የብርሃኑ መጠን፣ የሚበራበት ሰዓት፣ ውድቀትና ውሃ መቻሉ ይመረመራል። እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ ቡሎን። በቡሎን የታሰረውን የገበያ ቀን ሞባይል ጠጋኙ ፈትቶ ባትሪውን ይለውጣል። በሙጫ የተለጠፈውን ግን ሰብሮ ካልሆነ አይከፍተውም።