አያቶች የሠሩትን የሚመስል አዲስ ቤት

በባሕር ጠረፍ ላይ ቤት ልሥራ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሰፊ መስኮት ነው። ውሃውን ከአልጋው ላይ ሆኖ ለማየት ይፈልጋልና። ከእስክንድርያ በስተ ምዕራብ በሜዲቴራኒያን ጠረፍ በምትገኘው በአጋሚ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የተሠራው የሐላዋ ቤተሰብ የዕረፍት ቤት ግን ይህን ሐሳብ ገልብጦታል። ፊቱን የመለሰው ወደ ገዛ ግቢው ነው። ባሕሩን ለማየት የወደደ ደረጃውን ወጥቶ ከሰገነቱ ላይ ይመለከታል።

የቤቱን ፕላን የነደፈው አብደል ዋሒድ ኤል ወኪል በ1943 የተወለደ ስለ ሆነ ያን ጊዜ ገና የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። በ1965 ከአይን ሻምስ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በዓለም የሥነ ሕንጻ ትምህርት ቤቶች የሚወደሰው የብረት፣ የሲሚንቶና የመስተዋት ሥራ ነበር። እሱ ግን ከሽማግሌው ከሐሰን ፋትሒ ዘንድ ሄዶ እንደገና ተማሪ ሆነ። ፋትሒ በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር ለድኾች በጭቃ ጡብ የሠራ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ መንደሩ የተሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሊገቡበት አልወደዱም። የአያት ቤት ስለ ተባለ ብቻ የልጅ ልጅ ይወደዋል ማለት አይደለም።

ለመሆኑ ኤል ወኪል ከአሮጌው ቤት የወሰደው ምንድን ነው? መልኩን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን። በቤቱ መካከል ያለው ግቢ ሌሊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ይዞ እስከ ረፋድ ያቆያል። ዐረቦች ማልቀፍ የሚሉት፣ ከጣሪያው በላይ ወደ ነፋሱ አፉን ከፍቶ የሚቆም ማማ፣ አቧራ ያልበዛበትን የላይኛውን ነፋስ ተቀብሎ ወደ ክፍሎቹ ያወርደዋል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የግንብ መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ ስለ ተሠራ ልጆች ከባሕር እርጥብ ሆነው ቢመጡ የሚበላሽ ሶፋ የለም።

በጠረፍ አገር ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እሱም ጨው ነው። ከባሕር አየር የሚመጣው ጨው ወደ ሲሚንቶው ዘልቆ በውስጡ የተቀበረውን ብረት ያዝገዋል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል። በጡብ ጉልላትና በቅስት ጣሪያ ግን ጡብ ጡብን ተጭኖ ይቆማል እንጂ የሚዝግ ብረት አያስፈልገውም። የኑብያ ግንበኞች እንዲያውም ደጋፊ እንጨት ሳያቆሙ ቅስት ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ረድፍ በኋለኛው ግድግዳ ላይ አጋድመው ያስደግፉታል፤ ቀጣዩም በፊተኛው ላይ እየተደገፈ ይሄዳል። ይህ በዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ ላይ ሊገለጽ ይችላል፤ የሚለመደው ግን በእጅ ነው።

ነቀፋም አለን። ፋትሒ ለገበሬ ያሰበው ጥበብ በአጋሚ ባለጸጋ ክረምቱን የሚያሳልፍበት ቤት ሆነ። አጋሚም ከጊዜ በኋላ በፎቅ ቤቶች ተጨናንቃለች፤ ማልቀፍ የጎረቤት ፎቅ ፊቱ ላይ ከቆመበት የሚያጠምደው ነፋስ አያገኝም። ከተማው በሙሉ ሳይታሰብ አንድ ቤት ብቻውን ብልህ መሆን ይቸግረዋል።

ቤቱ በ1980 በፓኪስታን ከተማ በላሆር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጡት የአጋ ኻን የሥነ ሕንጻ ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል። በዚያው ዓመት ፋትሒም ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው ተሸልሟልና መምህርና ደቀ መዝሙር አብረው ከበሩ። በሽልማቱ መዝገብ ላይ ከአርክቴክቱ ስም ጋር የዋናው ግንበኛ የአላዲን ሙስጠፋም ስም ሰፍሯል። በእኛ ከተማ ሕንጻ ሲመረቅ ግን፣ መጋረጃው ሲገለጥ በእብነ በረዱ ላይ የግንበኛ ስም ያነበብንበት ቀን ትዝ አይለንም።