ቴሌስኮፕና የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ቴሌስኮፕ በሕዝብ ዘንድ ሩቁን የሚያጎላ መሣሪያ ተደርጎ ቢታወቅም፣ ዋነኛ ሥራው ብርሃን መሰብሰብ ነው። የሰው የዓይን ብሌን በጨለማ ውስጥ ቢሰፋ ከ7 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፤ ለጀማሪዎች በብዛት የሚሸጠው ባለ 130 ሚሊሜትር መስተዋት ቴሌስኮፕ ግን ከዓይን 340 እጥፍ ያህል ብርሃን ስለሚቀበል፣ በባዶ ዓይን የማይታዩ ከዋክብትን ያሳያል። በአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማጉላት መጠን ገዢን ከማሳሳት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የአንድ ቴሌስኮፕ ጠቃሚ የማጉላት ወሰን በሚሊሜትር ከተለካው የመስተዋቱ ስፋት ሁለት እጥፍ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ከዚያ በላይ ምስሉ እየተለቀ ይደበዝዛል እንጂ አዲስ ነገር አይገልጥም።

የማጉላት መጠኑን ማንም ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የመስተዋቱ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ነጥብ ድረስ ያለው ርዝመት፣ 650 ሚሊሜትር ከሆነና ተመልካቹ የሚያይበት የዓይን ሌንስ ባለ 25 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 650 ለ25 ተካፍሎ 26 ጊዜ ይጎላል፤ በባለ 10 ሚሊሜትሩ ሌንስ ደግሞ 65 ጊዜ ይሆናል። ጀማሪ ሁልጊዜ በዝቅተኛው ማጉላት፣ ማለትም በባለ 25 ሚሊሜትሩ ሌንስ፣ መጀመር አለበት፤ በዚህ ሌንስ የሚታየው የሰማይ ክፍል ሰፊ በመሆኑ የተፈለገውን አካል ማግኘት ይቀላል፣ በመሬት መዞር ምክንያት በሰዓት 15 ዲግሪ የሚጓዘው ሰማይም ኮከቡን ቶሎ ከዕይታ አያወጣበትም።

ዝግጅቱ በቀን ይጀምራል። በቴሌስኮፑ ጎን የተገጠመችው ትንሿ መፈለጊያ ከዋናው ጋር ወደ አንድ ነጥብ እንድታይ፣ ከፀሐይ አቅጣጫ ርቆ በሚገኝ የሩቅ ምሰሶ ጫፍ ላይ ትስተካከላለች፤ ይህን ያልፈጸመ ሰው ሌሊቱን ባዶ ሰማይ ሲያስስ ያድራል። ምስሉ ተገልብጦ ቢታይ ብልሽት አይደለም፣ የባለ መስተዋት ቴሌስኮፕ ጠባይ ነው። ሲመሽ መሣሪያው ከደጁ አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ መቆየት ይኖርበታል፤ ዓይንም ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ይህንንም ልምምድ አንድ ጊዜ የበራ የስልክ መብራት ስለሚያፈርሰው ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይመረጣል።

ለመጀመሪያው ሌሊት ከጨረቃ የተሻለ የለም፤ ሙሉ ጨረቃ ግን ብርሃኗ ፊት ለፊት ስለሚያርፍ ጥላ አይኖራትም፣ ገጽታዋም ጠፍጣፋ ይመስላል። ጨረቃ በተወለደች ከ7ኛው እስከ 9ኛው ቀን፣ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ፣ ፀሐይ በአግድም ስለምታበራ ተራሮቿና ጉድጓዶቿ ጥላቸውን ያስረዝማሉ፤ 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ኮፐርኒከስ የተባለው ጉድጓድም ደረጃ ደረጃ ከሆነው ግድግዳው ጋር የሚታየው በ9ኛው ቀን ገደማ ነው። ቀጥሎ ጁፒተር በሰማይ ላይ ካለ፣ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች በጎንና በጎኑ በመስመር ተሰልፈው ይታያሉ። አቀማመጣቸውን ለተከታታይ ሌሊቶች በወረቀት ላይ መሳል፣ የሰማይ አካላት ሁሉ በመሬት ዙሪያ እንደማይዞሩ በገዛ ዓይን ማረጋገጥ ስለሆነ፣ ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይገኝም።

ብዙዎችን ቅር የሚያሰኘው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በፎቶግራፍ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው የኦሪዮን ኔቡላ፣ ማለትም አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በቴሌስኮፕ ሲታይ ግራጫ ጭጋግ ይመስላል፤ ካሜራ ብርሃንን ለረጅም ጊዜ ሲያጠራቅም ዓይን ግን ማጠራቀም አይችልም፣ በደብዛዛ ብርሃንም ቀለምን አይለይም። ሆኖም ዓይን ይማራል። ደብዛዛውን አካል በቀጥታ ከማፍጠጥ ይልቅ ትንሽ ወደ ጎኑ አሻግሮ ማየት ለደካማ ብርሃን ንቁ የሆነውን የዓይን ክፍል ስለሚጠቀም፣ በመጀመሪያው ሌሊት ጭጋግ ብቻ የመሰለው ደመና በኋላ ክንፎቹንና በመካከሉ ያሉትን አራት ትናንሽ ከዋክብት ይገልጣል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ምልከታ የኢትዮጵያ ሰማይ የታደለ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ወደ አናት ይወጣል፤ በአውሮፓ አብዛኛው ክፍል ፈጽሞ የማይታየው ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ ሚሊዮኖች ከዋክብት የተጠጋጉበት ክምችት፣ በግንቦት ምሽቶች በደቡብ በኩል ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ ያሉት የበጋ ወራት ረጅም የጠራ ሌሊት ይሰጣሉ። ይኸው ለምድር ወገብ የቀረበ አቀማመጥ ግን አንድ ችግር አለው፤ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መስተካከል የሚፈልገው የመቆሚያ ዓይነት፣ ኮከቡ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ በተራራ ወይም በቤት ስለሚከለል፣ እዚህ ለጀማሪ አድካሚ ነው። ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚንቀሳቀስ ጠንካራ መቆሚያ ይሻላል።

ቴሌስኮፕ ወደ ቤት ያስገባ ሰው ሁሉ አንድ ኃላፊነት አለበት። ፀሐይን ያለ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ማየት ዓይንን በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል፤ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያም የሚገጠመው በቴሌስኮፑ አፍ ላይ እንጂ በዓይን ሌንሱ ላይ አይደለም። በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዙት ትናንሽ የፀሐይ ማጣሪያዎች በሙቀት ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ይጣሉ፤ ልጆች ባሉበት ቤትም መሣሪያው በቀን ተሸፍኖ ይቀመጥ።